«ማድ ቤት» ለምን ማድ ቤት ተባለ?

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ እንዲህ ነው። የወላጆቻቸውን ቤት ለማደስ ፕላን ያስነድፋሉ። እናታቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን የማብሰያ ክፍል ዕድሜ ልካቸውን «ማድ ቤት» ሲሏት ኖረዋል፤ ነዳፊው ግን በወረቀቱ ላይ «ኩሽና» ብሎ ጽፎባታል። ከዚህ ተነሥተው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ «ማድ» ምን ማለት ነው? ሁለተኛ፣ «ማዕድ» ማለት ከሆነ ማንም ተቀምጦ የማይበላበት፣ ጥቀርሻ የለበሰ ክፍል እንዴት በማዕድ ስም ሊጠራ ቻለ? ሦስተኛ፣ አጻጻፉ «ማድ ቤት» ነው ወይስ «ማዕድ ቤት»? አንድ ወዳጃቸው ቃሉ ጭቃ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ «ማድ» የመጣ ነው እንዳላቸው፣ ሌላው ደግሞ ከ«ማዕድን» ጋር እንዳዛመደላቸው ጨምረው ጽፈዋል።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥ። «ማድ» የግእዙ «ማእድ» ነው፤ የተሰናዳ ምግብ፣ ለተመጋቢ የቀረበ ገበታ ማለት ነው። «ማድ ቤት» ደግሞ ማዕድ የሚበላበት ሳይሆን ማዕድ የሚሰናዳበት ቤት ነው። ጠያቂውን ግራ ያጋባቸው፣ ዛሬ «ማዕድ» ሲባል ብዙዎቻችን አራት እግር ያለውን ጠረጴዛ ስለምናስብ ይመስለኛል። ቃሉ የተወለደው ጠረጴዛ በሌለበት ቤት ስለሆነ ነገሩን ከዚያ መጀመር ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን የጭቃውን ነገር እንገላገለው።

ማድ ቤት ከጭቃ ስለሚሠራ ስሙን ከእንግሊዝኛ አገኘ የሚለው አባባል ጆሮ ላይ ጥሩ ይሰማል፤ ነገር ግን ከሁለት ቦታ ይሰበራል። በመጀመሪያ፣ ጭቃ ማድ ቤቱን ከሌላው ቤት የሚለየው ነገር አይደለም። በአብዛኛው የደጋ አገር ዋናው ቤትም፣ የከብቱ በረትም፣ የአጥሩ በር ቤትም በእንጨትና በጭድ ጭቃ ሲመረግ የኖረ ነው፤ በጭቃ የሚሰየም ቤት ቢኖር ኖሮ ሁሉም «ማድ ቤት» በተባለ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቃሉ እንግሊዝኛ በአገራችን ከመሰማቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የቆመ የቃል ትውልድ ሲነገራችሁ፣ ቃሉ ከዚያ ሰፈር ውጭ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በግእዝ «ማእድ» የታወቀና የተዘወተረ ቃል ነው። በመዝሙረ ዳዊት 22 (በሌላው አቆጣጠር 23) «ሠራዕከ ማእደ በቅድሜየ» ይላል፤ በፊቴ ማዕድን ሠራህልኝ ማለት ነው። ይህን መዝሙር የምጠቅሰው በዘፈቀደ አይደለም። በቀደመው ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ ይደግም ስለነበር፣ «ማእድ» የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ጥቂት ፊደል የቆጠረ የአገር ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነበር። ከዚህም ሌላ በምግብ ጊዜ የሚደርሰው ጸሎት «ጸሎተ ማዕድ» ይባላል፤ ስለዚህ ቃሉ የማያነበውም ሰው ጆሮ ዘንድ ደርሶ ነበር። በትግርኛም «መኣዲ» የሚለው ቃል በዚሁ ትርጉም እስከ ዛሬ ይኖራል።

ከ«ማእድ» ወደ «ማድ» የተደረገው ጉዞ በአማርኛ እጅግ የተለመደ ነው። ግእዝ በጉሮሮ የሚያወጣቸውን የአልፍ (አ)፣ የዐይን (ዐ)፣ የሐውት (ሐ) እና የኀርም (ኀ) ድምፆች አማርኛ በአብዛኛው ጥሏቸዋል፤ ፊደሎቹን ጠብቆ ድምፆቹን ግን አጥቷል። ድምፁ ሲወድቅ ግራና ቀኙ ያሉት አናባቢዎች ይዋዋጣሉ፤ ቃሉም ያጥራል። «መዓር» «ማር» የሆነው፣ «ርእስ» «ራስ» የሆነው፣ «ሰምዐ» «ሰማ» የሆነው፣ «በልዐ» «በላ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። «ማእድ»ም በዚያው ደንብ «ማድ» ሆነ። የቃሉን ሁለት መልክ ይዘን መቅረታችን ደግሞ የሚያስገርም አይደለም፤ ከመጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን የሰማነውን «ማዕድ» ሳናሳጥር ስንጠብቀው፣ በጭሱ ውስጥ በየቀኑ የምንጠራውን አሳጠርነው።

ስለ ፊደሉ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነውና። የግእዙ ቃል የሚጻፈው በአልፍ «እ» ነው፤ «ማእድ»። በአማርኛ የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለሆነ በዐይኑ «ማዕድ» ብሎ መጻፍ ተለምዷል፤ ይህንን ልማድ ዛሬ የሚያቆመው የለም፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ አማርኛውን የምጽፈው በልማዱ ነው። ነገር ግን የቃሉን ዘር ለመፈለግ የተነሣ ሰው በዐይኑ ከተመራ ወደ ተሳሳተ ቤት ይገባል። በዐይን የሚጻፈው የግእዝ ግስ «መዐደ» ሲሆን ትርጉሙ መከረ፣ ገሠጸ ነው፤ «ምዕዳን» የሚለው ቃልም ከዚህ ይወጣል፤ ምክር፣ ተግሣጽ ማለት ነው። ማዕድ ላይ ሽማግሌዎች ይመክራሉና «ማዕድ» ከምክር የመጣ ነው የሚል ያማረ ትንታኔ ሰምቼ አውቃለሁ። ያማረ ነው፤ ፊደሉ ግን አይፈቅድለትም። «ማዕድን»ም እንዲሁ ዘመድ አይደለም። እርሱ ከዓረብኛው «መዕዲን» የመጣ ሲሆን፣ ከመሬት የሚቆፈረው ነገር የሚገኝበት ስፍራ ማለት ነው። «ማዕድ» ላይ «ን» ሲጨመር መልኩ ከዚያኛው ጋር አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ አንዳንዴም በጋዜጣ ርእስ ላይ የሚያስቅ ነገር ይፈጥራል።

ዓረብኛን ካነሣን አይቀር፣ የ«ማእድ» ታሪክ ከባሕር ማዶ የሚያስደንቅ ምዕራፍ አለው። የቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ «አል ማኢዳ» ይባላል፤ ማዕድ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ሐዋርያት የመርየምን ልጅ ዒሳን ከሰማይ ማዕድ እንዲወርድላቸው ከጠየቁበት ታሪክ ነው፤ ቃሉም በቁርኣን ውስጥ የሚገኘው በዚሁ ታሪክ ሁለት ቦታ፣ በአንቀጽ 112 እና 114 ብቻ ነው። የጥንት የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ቃሉን ከራሳቸው ግስ፣ ከመወዛወዝ ወይም ከመስጠት ጋር ሊያያይዙት ሞክረዋል። የጀርመኑ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከና ከእርሱ ጋር የተስማሙ ብዙ አጥኚዎች ግን ቃሉ ከኢትዮጵያ፣ ከግእዙ «ማእድ» ወደ ዓረብኛ የገባ መሆኑን ያምናሉ። እዚያው አንቀጽ ላይ ያለው «ሐዋሪዩን» የሚለው ቃልም፣ «ሖረ»፣ ሄደ ከሚለው ግስ የወጣው የኛ «ሐዋርያ» ነው፤ በመስጊድ ውስጥ የሚቆመው «ሚንበር»ም ከ«መንበር» ጋር የሚያያዝ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ቁርኣን ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ያንን ቃል «ማእድ»፣ ጠያቂዎቹንም «ሐዋርያት» ብለው ስለመለሷቸው፣ ሁለቱም ቃላት ከረጅም ስደት በኋላ ወደ አገራቸው ገብተዋል ማለት ይቻላል።

አልፉን በሚመለከት ያልሁትን ይህ የዓረብኛ መልክ ይደግፈዋል። ዓረብኛ ዐይንንና ሐምዛን፣ ማለትም የእኛን አልፍ የሚመስለውን ድምፅ፣ አጥብቆ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ «ማኢዳ»ን የሚጽፈውም በሐምዛ እንጂ በዐይን አይደለም። ቃሉን ሲሰሙ የነበሩት ጆሮዎች በመካከሉ ዐይን አልሰሙም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ብዙ ፍሬ ያለው እርሱ ነው። ማዕድ ምንድን ነው? በአማርኛ «ማዕድ ቀረበ»፣ «ማዕድ ተነሣ»፣ «ማዕድ ቆረሰ»፣ «ማዕድ ላይ አይወራም» እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ማዕድ የቤት ዕቃ ስም አይደለም። የሚቀርበውና የሚነሣው እንጀራውና ወጡ፣ መሶቡና በዙሪያው ያለው ሥርዓት ባንድነት ነው፤ የሚቆረሰው ደግሞ እንጨት ሊሆን አይችልም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከላይ የጠቀስሁት የመዝሙር ቃል «ገበታ» ተብሎ ሲተረጎም፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ግን ሐዋርያት ቃሉን ትተው «ማዕድን» ሊያገለግሉ እንደማይገባ ይናገራሉ። እዚያ የተነሣው ጉዳይ ለመበለቶች በየቀኑ የሚታደለው ምግብ ነው፤ ስለዚህ «ማዕድን ማገልገል» ማለት ምግቡን ማሰናዳት፣ ማከፋፈል፣ ለሁሉም መድረሱን መቆጣጠር፣ ባጭሩ የማድ ቤት ሥራ ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ቡችሎች ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ። ማዕድ እንግዲህ የተሰናዳው ነገር ሙሉው ነው፤ ተቀምጦበት የሚበላበት ዕቃ ስሙ ገበታ፣ መሶብ ወይም ጠረጴዛ ነው። «ገበታ» በአንጻሩ ዕቃነቱን ይዞ ስለ ቀረ፣ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ «የፊደል ገበታ» ሊባል ችሏል፤ «የፊደል ማዕድ» ያለ ግን የለም።

ማዕድ ይህ ከሆነ፣ የቀረው «ቤት» ነው። በአማርኛ ከአንድ ስም ኋላ «ቤት» ሲመጣ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ቋንቋው አይናገርም፤ ለሚያውቀው ሰው ይተወዋል። በዕቃ ቤት ዕቃ ይቀመጣል። በሥጋ ቤት ሥጋ ይሸጣል። በዳቦ ቤት ዳቦ ይጋገርም ይሸጥም ይሆናል። በወጥ ቤት ወጥ ይሠራል፤ ማንም ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ወጥ አይበላም፤ ይህም ማንንም አስደንቆ አያውቅም። ማድ ቤት የሚቆመው ከወጥ ቤት ጎን ነው፤ ማዕድ የሚሠራበት ቤት። «ማዕድ»ን ጠረጴዛ አድርጎ የሚያስብ ሰው ግን «ጠረጴዛ ቤት» ብሎ ይተረጉመውና ጠረጴዛውን ፍለጋ ይገባል። ቃል በቃል መፍታት አስተማማኝ ቢሆን ኖሮ ሰው ምግቡን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ባበሰለ ነበር።

በዚህ ዓይነት ስሞች ውስጥ የቤቱ ይዘት ሲለወጥም ስሙ ይጸናል። «ግምጃ ቤት» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ግምጃ ከውጭ የሚመጣ ውድ የሐር ጨርቅ ነው፤ ነገሥታትና መኳንንት ለልብስና ለሽልማት ያስቀምጡት ነበር። ግምጃው የሚቀመጥበት ክፍል ወርቁም፣ ብሩም፣ መሣሪያውም ስለሚጨመርበት «ግምጃ ቤት» የመንግሥት ሀብት ማከማቻ አጠቃላይ ስም ሆነ፤ ዛሬ የግምጃ ቤት ሰነድ ሲሸጥ ጨርቁን የሚያስታውስ የለም። «ወህኒ ቤት»ም የጎንደር ነገሥታት ወንዶች ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ያግዙበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ስም የመጣ ነው፤ አምባው ከተዘነጋ በኋላ ስሙ ለእስር ቤት ሁሉ ቀረ።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ስለ ስሙ ዕድገት ብዙ ይነግረናል፤ እርሱም የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። ግእዝ ቤቱን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ መጻሕፍት እንዲል። አማርኛ በተቃራኒው ባለቤቱን አስቀድሞ ቤቱን ያስከትላል፤ ዕቃ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግምጃ ቤት። ስሙ ከቤተ ክህነት ወይም ከጸሐፊዎች የወረደ ቢሆን ኖሮ «ቤተ ማእድ» የሚል መልክ እንጠብቅ ነበር። እኛ የያዝነው ግን «ማድ ቤት» ነው፤ ድምፁም ቅደም ተከተሉም አማርኛ። ስለዚህ ከግእዝ የተወረሰው «ማእድ» የሚለው ቃል ብቻ ሲሆን፣ የክፍሉን ስም የፈጠሩት ቤቱን የሚያስተዳድሩትና ማዕዱን የሚያሰናዱት የአማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው ብዬ እደመድማለሁ። የሚያሰናዱት አብዛኞቹ ሴቶች እንደመሆናቸው፣ ስሙም ከእነርሱ አፍ የወጣ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

የቤተ ክርስቲያን ግቢ የራሱ ማድ ቤት እንዳለው እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚሰናዳበት ትንሽ ቤት፣ ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ተለይቶ የሚሠራው፣ «ቤተ ልሔም» ይባላል፤ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ኅብስቱ ይጋገራል እንጂ አይቆረብበትም፤ ተሸፍኖ፣ ቃጭል እየተመታለት ወደ መቅደስ ይሄዳል። የሚሰናዳበትን ቤት ከሚቀርብበት ቤት መለየት፣ የተሰናዳውንም ሸፍኖ በሥርዓት ማሻገር በመኖሪያ ግቢም በቤተ ክርስቲያን ግቢም የነበረ ልማድ ነው። የቤተ ልሔም ስም ግን በቤተ ክህነት ደንብ «ቤተ» ብሎ ሲጀምር የመኖሪያው በ«ቤት» ይጨርሳል፤ ከላይ ያልሁትን ልዩነት ጎን ለጎን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ማድ ቤት ስለምን ተለይቶ እንደሚሠራ የሚገባን በውስጡ የሚሠራውን ስናይ ነው። ዋናው ምክንያት እሳት ነው። ጣራው ሣር ክዳን በሆነበት ዘመን ምጣድ የሚጣድበትን ምድጃ ከመኝታና ከእህል ማራቅ አስተዋይነት ነበር። እንጀራ በለስላሳ ፍም አይጋገርም፤ ምጣዱ በሙሉ ስፋቱ እኩል መጋል አለበትና ነበልባሉ ከጉልቻዎቹ መካከል ወጥቶ ዳር ዳሩን መላስ ይኖርበታል። ስለዚህ ጭራሮ፣ ኩበት፣ በከተማ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለ ማቋረጥ ይማገዳል፤ ጭሱም በዚያው ልክ ነው። ጋጋሪዋ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋለች፣ ሲበስል በሰፌድ አውጥታ ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች። በሌላው ጉልቻ ላይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ፣ በመደቡ ላይ የቡሖ ዕቃውና ጋኑ ተሰድረው ይቆማሉ። ይህ ሁሉ ግን ገና ማዕድ አይደለም። ማዕድ የሚሆነው የበረደው እንጀራ በመሶቡ ሲነባበር፣ ወጡ ከድስት ወደ ወጭት ሲገለበጥ፣ ሁሉም ተከድኖ በጨርቅ ሲሸፈን ነው። ከማድ ቤት እስከ ዋናው ቤት ባለው ግቢ ውስጥ ምግብ ሳይሸፈን አያልፍም ነበር፤ አቧራውና ዝንቡ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ የሰው ዓይን ደግሞ ሌላው ነው። የማድ ቤቱን በር የሚያልፈው ነገር እንግዲህ ጥሬ ዕቃ ወይም ድስት ሳይሆን የተሟላ ማዕድ ነበርና፣ ቤቱም ስሙን ያገኘው ከሚያወጣው ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ሁሉም ሰው አልነበረውም። በአብዛኛው የገበሬ ጎጆ ምድጃው እዚያው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ ለዚያ ሥራ የሚያገለግሉት ቃላት «ጓዳ» እና «ማጀት» ናቸው። ሁለቱም የቤቱን ውስጠኛ ክፍል የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ጓዳ ወደ ማስቀመጥና ወደ መሸሸግ፣ ማጀት ወደ ሴቶች ሥራ፣ ወደ መፍጨትና ማሰናዳት ያደላሉ። የሰው የውስጥ ችግር «የጓዳ ነገር» ይባላል፤ «ከማጀት እስከ አደባባይ» ሲባልም ማጀት የአደባባይ ተቃራኒ ሆኖ ይቆማል። ማድ ቤት ግን ውስጥ አይደለም፤ ተለይቶ የቆመ ቤት ነው፤ በምሳሌያዊ አነጋገር የምስጢር ወይም የገመና ስም ሳይሆን የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል። ጠያቂው አያታቸው «ማጀት» እናታቸው «ማድ ቤት» ይሉ እንደሆነ ቢያስታውሱ፣ ልዩነቱ የዕድሜ ሳይሆን የቤቱ አሠራር ሊሆን ይችላል።

«ወጥ ቤት» ሌላ መንገድ ሄዷል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ የምግቡ ሥራ የተከፋፈለ ነበር፤ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ የየራሳቸው ሠራተኞችና አዛዦች ነበሯቸው። ከዚህ የተነሣ የክፍሉ ስም ወደ ሠራተኛው ተሻገረና «ወጥ ቤት» ሲባል ክፍሉንም ወጥ ሠሪውንም ማለት ሆነ። «ወጥ ቤቱ ታመመ» ቢባል የሚገባን ሰውዬው ነው። «ማድ ቤቱ ታመመ» የሚል አማርኛ ግን የለም፤ ማድ ቤት ለአንድ ሙያ ሳይሆን ለሥራው ሁሉ የተሰጠ ስም ስለሆነ በአንድ ሰው ላይ ሊያርፍ አልቻለም።

«ኩሽና» የሁሉም ታናሽ ነው። ከጣልያንኛው «ኩቺና» የመጣ ሲሆን፣ የትግርኛው «ክሽነ»ም ከዚያው ነው። በትርጉም ከማድ ቤት ጋር ይተካካሉ፤ ዛሬ በከተማ ሰው አፍ ልዩነት ካለ፣ ኩሽና የማብሰያውን ክፍል ብቻ ሲያመለክት ማድ ቤት ከኋላ ያለውን፣ ጭስ ያለውን ያስታውሳል። ይህን ስሜት ያጠናከረው የከተማው ታሪክ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ ግቢዎች ለበርካታ ቤተሰቦች ሲከፋፈሉ፣ የአንድ ባለቤት የነበረው ማድ ቤት የጋራ ሆነ፤ ተራ እየተያዘ ተጋገረበት፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ወለሉ ተደልድሎ፣ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ የሰው መኖሪያ ሆነ። ዛሬ «ሰርቪስ» እየተባሉ ከሚከራዩት የኋላ ቤቶች መካከል ግድግዳቸው ሲፋቅ የቀድሞውን ጥቀርሻ የሚያወጡ ጥቂት አይደሉም። በኮንዶሚኒየም መንደሮችም ማብሰያው ወደ ቤት ውስጥ ቢገባም፣ ለእርድና ለትልልቅ ድግስ ከሕንፃዎቹ ተለይተው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ፤ ማንም «ማድ ቤት» ባይላቸውም ሥራቸው የእርሱ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀምጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭስና ሽታ ዛሬም ከመኝታ ቤት መራቅ ይፈልጋሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ አጻጻፉ ነው። «ማድ ቤት» የሚለውን እመርጣለሁ። ይህ የአፍ አነጋገር ስብርባሪ አይደለም፤ «ማር»ን «መዓር» ብለን ካልጻፍን፣ «ራስ»ንም «ርእስ» ብለን ካልመለስን «ማድ»ን «ማዕድ» ለማድረግ የተለየ ምክንያት የለንም። «ማዕድ ቤት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አልተሳሳተም፤ የቃሉን ዘር እያሳየ ነው፤ በንግግር ግን እንደዚያ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይሰማም። «መዓድ ቤት» የሚለው ግን ስሕተት ነውና መታረም አለበት። ሁለቱን ቃላት አጣምሮ «ማድቤት» ማለትም ይታያል፤ ወጥ ቤትንና ዕቃ ቤትን ለያይተን እስከ ጻፍን ድረስ ይህንንም መለያየት ይሻላል። በፕላኑ ላይ ግን ነዳፊው «ኩሽና» ያለውን እንዲሰርዝ አልመክርም፤ በአዲሱ ፕላን ውስጥ ከሳሎኑ አጠገብ የተነደፈ የጋዝ ምድጃ ያለበት ክፍል ካለ «ኩሽና» ይባል፤ ከኋላ ያለችው የእናታቸው ቤት ምጣዷን ይዛ የምትቀር ከሆነ በስሟ «ማድ ቤት» ተብላ ትጻፍ።